ትንሹን የጫካ ጭልፊት ማግኘት፣ መለየትና ጎጆውን ሳይረብሹ መከታተል

ጭልፊት ሲባል ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ይህን ወፍ ግን ሰማይ ላይ የሚፈልግ አያገኘውም። ከተማው ላይ ሲያንዣብብ የሚውለው፣ ጭራው መሐሉ ላይ ገባ ያለው ትልቁ ቡናማ ወፍ ጭላት ነው። ትንሹ የጫካ ጭልፊት አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ቅጠል ውስጥ፣ ግንድ ተጠግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው በጆሮና መሬት በማየት ነው፤ ወፉን ማየት በመጨረሻ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ጫካ ውስጥ ሲንከራተት ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ወፉ በሳይንሳዊ ስሙ አክሲፒተር ሚኑለስ ተብሎ ሲታወቅ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው የምደባ ለውጥ የወገኑ ስም ስለተቀየረ፣ የወፍ ምልከታ በሚመዘገብበት በኢበርድ መተግበሪያ ላይ ታኪስፒዛ ሚኑላ በሚለው ያገኙታል፤ ወፉ ያው ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይኖራል። ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ ከ23 እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ70 እስከ 105 ግራም ገደማ ነው። ግቢ ውስጥ ጥሬ ከምትለቅም ትንሽ ዋኖስ አይበልጥም ማለት ነው። ሴቷ ከወንዱ ትተልቃለች፤ ይህ በጭልፊቶች ዘንድ የተለመደ ነው።

የሚወደው ቦታ ረጃጅም ዛፍ ያለበት፣ ነገር ግን ከሥሩ ወይም ከዳሩ ክፍት የሆነ ነው፦ የወንዝ ዳር ደን፣ የሾላና የግራር ጥምር፣ የደብር ደን ጠርዝ፣ ያረጀ የባሕር ዛፍ ተክል፣ ዛፍ የበዛበት ግቢ። የላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወንዶ ገነትና የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለፍለጋ ጥሩ መነሻ ናቸው። ትልቅ ጫካ የግድ አያስፈልገውም። ዛፎቹ ያረጁና ትናንሽ ወፎች የበዙበት ከሆነ ጥቂት ሄክታር ደን ይበቃዋል።

ከመግባትዎ በፊት

ለጫካ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ከ10 በ42 ይሻላል። ምክንያቱ ብርሃን ነው፦ የመጀመሪያው ወደ ዓይን የሚያስገባው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው የሁለተኛው 4.2 ብቻ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ግራጫ ወፍ ለማየት ይህ ልዩነት ብዙ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ የ8ቱ የእይታ ስፋት ስለሚበልጥ በቅርንጫፍ መሐል ሽው የሚልን ወፍ ቶሎ ይይዛል። ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ይከዳል) እና አነስተኛ ማስመሪያ ይያዙ። ልብስዎ ነጭ ባይሆን ይመረጣል።

ደኑ የደብር ከሆነ አስቀድመው የደብሩን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ። «አባታችን፣ ወፍ ልናይ ነው፤ ከቅጽሩ ውጭ ባለው ደን ውስጥ ቆመን እናያለን» ብሎ በግልጽ መናገር ይበቃል። ባይኖኩላርና ካሜራ አንግቶ ዝም ብሎ የገባ ሰው ቢጠረጠር አይፈረድም። የቅዳሴን ሰዓት ይተዉት። ዘበኛውንና የቆሎ ተማሪዎቹን «ጭልፊት አይታችኋል?» ከማለት ይልቅ «ትናንሽ ወፎች ተሰብስበው የሚንጫጩት የት ነው? የተነጨ ላባስ የት ታገኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ጭላት ይወስድዎታል፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ትክክለኛው ዛፍ።

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ትናንሽ ወፎች ዝም ስለሚሉ ፍንጭ የሚሰጥዎት አይኖርም።

ወፎቹን ማድመጥ

አንድ ቦታ ይምረጡ፤ ጀርባዎን ለግንድ ሰጥተው ይቁሙ። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የእርስዎ አይደሉም፤ ጫካው መግባትዎን እስኪረሳ የሚከፈሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ድምፅ ትርጉም ይኖረዋል።

የትናንሽ ወፎች የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀጭን፣ ከፍ ያለና የተጎተተ «ሲይይይ» ነው። ከዚያ ቀጥሎ ድንገተኛ ጸጥታ ይሆናል። ይህ ማለት ጭልፊቱ አሁን እየበረረ ነው፤ ወፎቹም ባሉበት ደርቀዋል። ድምፁ ቀጭን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ከየት እንደመጣ ለአዳኙ ለመለየት ያስቸግራል፤ ለእርስዎም እንዲሁ። ስለዚህ ድምፁን ወደሰሙበት አይዙሩ። በቅርብ ያለውን ክፍት ቦታ፣ የመንገዱን መስመር ወይም በዛፎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ጭልፊቱ የሚያቋርጠው እዚያ ነው፤ የሚታየውም ለሁለት ሰከንድ ያህል ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ሻካራና ተደጋጋሚ ነው፤ «ቸክ-ቸክ-ቸክ» እያሉ ብዙ ወፎች አንድ ዛፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ይህ የተቀመጠን ጠላት ማሳደድ ነው። ተቀምጦ የሚታይ ጭልፊት የማግኘት ትልቁ ዕድል ይኸው ነው፤ ሆኖም ምክንያቱ ጉጉት፣ እባብ ወይም ሸለምጥማጥም ሊሆን ይችላል። ለመለየት የወፎቹን ዓይን ይከተሉ። ወደ ታች፣ ወደ ቁጥቋጦ የሚያዩ ከሆነ እባብ ወይም በእግሩ የሚሄድ አውሬ ነው። ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ አንድ ቦታ ላይ ከጮኹ በአብዛኛው ጉጉት ነው፤ ጉጉት በቀን ቦታ መልቀቅ አይወድምና። ጭልፊት ግን ከታወቀበት አድፍጦ ማደኑ ስለማይሳካለት ብዙ ሳይቆይ ቦታ ይቀይራል፤ ጫጫታውም አብሮት ይሄዳል። የሚዘዋወር ጫጫታ ሲሰሙ ከ3 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ወደ ግንድ የተጠጋውን ቅርንጫፍ ይፈትሹ። ከዛፍ ጫፍ ላይ አይፈልጉት።

የወፉ የራሱ ድምፅ በብዛት የሚሰማው በመራቢያው ወቅት ነው። ወንዱ ስለታምና ፈጣን «ኪክ-ኪክ-ኪክ-ኪክ» ሲያሰማ የሴቷ ለስለስ ያለ «ክዩ-ክዩ» ነው። ማለዳ ከደኑ በላይ ከፍ ብሎ እየዞረ በየሁለትና ሦስት ሰከንዱ አንዲት «ክሪት» የሚል አጭር ድምፅ የሚያሰማ ጭልፊት ከሰሙ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ትልቁ የአፍሪካ የጫካ ጭልፊት ነው።

የጉጉት ድምፅ ከስልክ እያጫወቱ ትናንሽ ወፎችን ማንጫጨት ተለምዷል። አይመከርም፤ ጎጆ ባለበት ወቅት ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የምትታቀፈውን እናት ያስነሳል፤ የጎጆውንም ቦታ ለቁራ ያጋልጣል።

ላባው የሚነግርዎት

ጭልፊት የያዘውን ወፍ ከመብላቱ በፊት ላባውን ይነጫል። ይህን የሚያደርገው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፦ የወደቀ ግንድ፣ ጉቶ፣ ዝቅ ያለ አግድም ቅርንጫፍ። ከሥሩ በክብ የተበተነ ላባ ካገኙ ጎንበስ ብለው የክንፍና የጭራ ላባዎቹን አንድ በአንድ ይዩ።

አዳኝ ወፍ ላባውን የሚያወጣው ከሥሩ በመንቀል ስለሆነ አገዳው እስከ ጫፉ ሙሉ ነው፤ አንዳንዱ ላይ የምንቃር ንክሻ ያጠፈው ቦታ ይታያል። ድመት፣ ሸለምጥማጥ ወይም ፋሮ ግን በጥርሳቸው ይቆርጣሉ፦ አገዳው መሐል ላይ ተቀንጥሶ፣ ላባዎቹ በምራቅ ተጣብቀው በእፍኝ በእፍኝ ይገኛሉ። ይህን ሳይለዩ «የጭልፊት ማዕድ አገኘሁ» ብሎ መመዝገብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የታዳኙን መጠን ይገምቱ። የዚህ ትንሽ ጭልፊት ዋና ምግብ ድንቢጥና ድንቢጥ የሚያህሉ ወፎች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ትንሽ ዋኖስ ይጥላል፤ የሌሊት ወፍ፣ እንሽላሊትና ትልልቅ ነፍሳትም ይበላል። በማስመሪያ ሲለኩት ረጅሙ የክንፍ ላባ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ታዳኙ ትንሽ ነው፤ የእኛ ጭልፊት ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ የእርግብና የቆቅ ላባ የሚገኝበት ጉቶ ግን የትልልቆቹ ነው።

ላባውን ፎቶ አንስተው እዚያው ይተዉት። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በሁለትና በሦስት ቀን ልዩነት ተመልሰው ሲመጡ አዲስ ላባ ካለ ቦታው በሥራ ላይ ነው። ጎጆው ካለ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

መለየት፦ ከወገቡ ይጀምሩ

መጻሕፍት ጭልፊትን የሚያሳዩት ከፊት፣ ደረቱን ገልጦ ነው። ጫካ ውስጥ የሚያዩት ግን ሲሸሽ ጀርባውን ነው። ስለዚህ ከኋላ የሚታየውን ይመልከቱ፤ ቅደም ተከተሉም ወገብ፣ ጭራ፣ እግርና የምንቃር ሥር፣ ዓይን፣ በመጨረሻ ደረት ይሁን።

የትንሹ የጫካ ጭልፊት ጀርባ ጥቁር ግራጫ ነው። ወገቡ ላይ፣ ማለትም ከጭራው መነሻ በላይ፣ ጠባብ ነጭ መስመር አለው። ጥቁሩ ጭራ ላይ ደግሞ ሁለት ነጭ ነጥቦች በቁመት ተደርድረው ይታያሉ። እግሩና ዓይኑ ቢጫ ነው። ከሥሩ ነጭ ሆኖ ቀጫጭን አግድም ጭረት አለው፤ ጎኑ ቀላ ይላል። ገና ያልጎለመሰው ቡናማ ጀርባና ነጭ ደረት ያለው ሲሆን ደረቱ ላይ ትልልቅ የጠብታ ቅርጽ ያላቸው ቡናማ ነጠብጣቦች አሉት።

ሁለቱ ነጭ ነጥቦች ብቻቸውን አይበቁም። የአፍሪካው የጫካ ጭልፊት ወንዱም ጭራው ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ሊኖረው ይችላል፤ ያልጎለመሰውም ደረቱ ጠብታ ጠብታ ነው። ነጩ ወገብ ግን የለውም። የምንቃሩ ሥር ግራጫ ነው፤ ርዝመቱም ከ36 ሳንቲ ሜትር ይጀምራል። በመጠን ብቻ መለየት አያስተማምንም፤ አጠገቡ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ዓይን 25 ሳንቲ ሜትሩን ወፍ በቀላሉ 35 ያደርገዋል።

ሺክራ የሚባለው ጭልፊት ክፍት በሆነ የግራር ምድርና በከተማ ዛፎች ላይ ይበዛል። ጀርባው ፈካ ያለ ግራጫ ነው፤ ወገቡ ላይ ነጭ የለውም፤ የጭራው መሐል ላባዎች አንድ ወጥ ግራጫ ናቸው፤ የጎለመሰው ዓይኑ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው። ጋባር የሚባለውም በደረቁ የግራር ምድር የሚኖር ሲሆን ወገቡ ላይ ያለው ነጭ ሰፊና ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ሲጎለምስ እግሩና የምንቃሩ ሥር ቀይ ይሆናል፤ ጭራው ላይ ነጥብ ሳይሆን ሙሉ አግድም መስመር አለው። ደጋ ላይ፣ የጥድና የባሕር ዛፍ ደን አጠገብ፣ ከሥሩ ምንም ጭረት የሌለው ወጥ ቀይ ቡናማ ጭልፊት ካዩ ደግሞ ቀይ ደረት የሚባለው ጭልፊት ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የአውሮፓው ጭልፊትም ወደ አገራችን ስለሚመጣ በእነዚህ ወራት የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እሱም ነጭ ወገብ የለውም።

ነጩን ወገብ ካላዩ «ያልተለየ ጭልፊት» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ከተሳሳተ ስም እጅግ ይሻላል።

ጎጆው

ጎጆው ትንሽ ነው፤ ከ18 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጭራሮ መደብ ሲሆን ከመሬት ከ5 እስከ 25 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ግንዱ በሚከፈልበት መንታ ላይ ይሠራል። አረንጓዴ ቅጠል ይነጠፍበታል። ከዋኖስ ጎጆ የሚለየው በውፍረቱ ነው፤ የዋኖስ ከሥር ሲያዩት ብርሃን ያሳልፋል። የጭላት ጎጆ ደግሞ በጣም ይተልቃል፤ ጨርቅና ፌስታልም አይጠፋውም።

ጎጆ መያዙን የሚያረጋግጡት ዛፍ ላይ በመውጣት ሳይሆን ከሥር በሚታዩ ምልክቶች ነው። ጠርዙ ላይ የተጣበቀ ለስላሳ ነጭ የላባ ብናኝ፣ መሬት ላይ የወደቀ የጭልፊት የክንፍ ላባ፣ ከዛፉ ሥር በረጅሙ የተረጨ ነጭ ኩስ። ጭልፊት ኩሱን ወደ ኋላ ስለሚረጭ መስመር መስመር ይሠራል፤ ጉጉት ግን ቁልቁል ስለሚጥል አንድ ቦታ ይከማቻል። ከጎጆው ዙሪያ በክብ የተረጨ ኩስ ሲበዛ ጫጩቶቹ እያደጉ ነው ማለት ነው።

እንቁላሉ ከ1 እስከ 3፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ነው። መታቀፉ 31 ወይም 32 ቀን ይፈጃል፤ ጫጩቶቹ ከ25 እስከ 27 ቀን ጎጆ ውስጥ ይቆያሉ። ከወጡ በኋላም እዚያው አካባቢ ሆነው ምግብ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ አብዛኛውን አደን የሚሸከመው ወንዱ ነው፤ ምግብ ይዞ ሲቃረብ ይጮኻል፤ ሴቷም ከጎጆ ወጥታ ትቀበለዋለች። ጎጆውን ያላገኘ ሰው ይህን ቅብብል ካየ ሴቷ የምትመለስበትን አቅጣጫ መከተል ይበቃዋል።

ከሁሉም አደገኛው ጊዜ ጎጆው ሲሠራና እንቁላል ሲጣል ነው። ያን ጊዜ የተረበሸች ሴት ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ገና ብዙ አልደከመችበትምና። ስለዚህ ጭራሮ ይዞ የሚበር ጭልፊት ካዩ ቦታውን መዝግበው ለሦስት ሳምንት አይመለሱ። ከዚያ በኋላ ከ40 እስከ 50 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከግንድ ጀርባ ሆነው፣ ከግማሽ ሰዓት ሳያልፉ ይመልከቱ። ዝናብ፣ ብርድና የእኩለ ቀን ፀሐይ ባለበት አይሂዱ፤ እናት ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ጫጩቱም በፀሐይ ይጎዳል። ሴቷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ካፈጠጠችብዎት ባሉበት ይቁሙ። ተነሥታ ከጮኸች ወዲያውኑ ወደ መጡበት ይመለሱ።

በተመሳሳይ መንገድ ደጋግሞ መመላለስ ሣሩን ረግጦ ዱካ ይሠራል፤ ዱካውን አውሬም ልጆችም ይከተሉታል። መንገድ ይቀያይሩ። ለፎቶ ሲባል ቅርንጫፍ መቁረጥ ጥፋት ነው፦ የቆረጡት ቅጠል ጫጩቱን ከፀሐይና ከቁራ ዓይን የሚሸፍነው ነበር። የፎቶውን የቦታ መረጃ ያጥፉ። በኢበርድ ሲመዘግቡም የጎጆውን ዛፍ ሳይሆን የአካባቢውን ስም ብቻ ይስጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ የዛፉን ዓይነት፣ ከፍታውን በግምት፣ የመጣውን ምግብና ጎጆው የደረሰበትን ደረጃ በደብተርዎ ይያዙ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፍ ተመልካቾች ጥሩ መገናኛ ነው።

ከዛፉ ሥር የእንቁላል ቅርፊት ካገኙ ጠርዙን ይዩ። ዙሪያውን ደህና ተቆርጦ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ ተፈልፍሏል። አስኳል የተለጠፈበትና የተሰባበረ ከሆነ ተበልቷል ወይም እናቱ ስትታቀፈው ተሰብሯል። የኋለኛው ቀላል ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአውሮፓው ጭልፊት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከብዙ ቦታ የጠፋው በእርሻ መርዞች ነው፤ እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ዴሪክ ራትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳየው የአዳኝ ወፎቹ የእንቁላል ቅርፊት ሳስቶ ነበር። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ በሰውነት ውስጥ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ ዲዲኢ ደግሞ ካልሲየም ወደ ቅርፊቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። መርዙ ከነፍሳት ወደ ትናንሽ ወፎች፣ ከእነሱ ወደ ጭልፊት እየተከማቸ ስለሚሄድ ጉዳቱ ከላይ ባለው ላይ ይበረታል። ከደኑ አጠገብ የአትክልት ወይም የጫት እርሻ ካለ የሚረጨውን መርዝ ስምና ጊዜ በማስታወሻዎ ውስጥ ያካትቱ።

የዶሮ ጫጩት ጉዳይ

ጎጆው መኖሩን ጎረቤት ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጫጩቴን አይጨርስብኝም ወይ?» ነው። መልሱ ሐቀኛ መሆን አለበት። መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን ወፍ ከተፈለፈለ ጥቂት ቀን የሆነውን ጫጩት ሊነካ ይችል ይሆናል፤ አብዛኛውን የሚወስዱት ግን ጭላትና ትልልቆቹ ጭልፊቶች ናቸው። መፍትሔው ለሁሉም አንድ ነው፦ ጫጩቶቹን ቢያንስ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ከላይ በወንፊት ሽቦ ወይም በመረብ በተሸፈነ ቦታ ማዋል፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ቁጥቋጦ ያለበት ግቢ ውስጥ ማሰማራት። ጭልፊቱን መግደል አይጠቅምም፤ ቦታው ባዶ ሲሆን ሌላ ይተካዋል።

ተመትቶ የወደቀ ወፍ ሲገኝ

ጭልፊት ትንሽ ወፍ ሲያባርር መስኮት ይመታል። የወደቀውን ካገኙ ነጠላ ወይም ፎጣ ጥለውበት ከላይ በሁለት እጅ ክንፎቹን ወደ ጎኑ ሰብስበው ይያዙት። የሚጎዳው ምንቃሩ ሳይሆን ጥፍሩ ነው፤ እግሮቹን ከሰውነትዎ ያርቁ። አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ያስቀምጡትና ክዳኑን ይዝጉ። ጨለማ ያረጋጋዋል። ውኃ በአፉ አያንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ምግብም አይስጡ። ልጆች ደጋግመው እንዳይከፍቱበት ያድርጉ።

ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ወደ ተገኘበት ቦታ ወስደው ከመስኮት ራቅ ብለው ይክፈቱት፤ ወደ ላይ አይወርውሩት፣ ራሱ ይውጣ። አንድ ክንፉ ከተንጠለጠለ ወይም በእግሩ መቆም ካልቻለ መልሰው ዘግተው በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ላባው ሞልቶ ጭራው ብቻ ያጠረ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚጮኽ ልጅ ጭልፊት ግን አልታመመም፤ ከጎጆ ወጥቶ ምግብ እየጠበቀ ነው። መሬት ላይ ካለ በአቅራቢያው ካለ ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጡትና ይራቁ፤ ወላጆቹ ቅርብ ናቸው።